ማሽኑን በጽሑፍ መጠየቅ፦ ጋሪ ኪልዳል፣ ባዮስ እና የስታት ትዕዛዝ

በዊንዶውስ የትዕዛዝ መስመር ላይ «ሲስተምኢንፎ» ብሎ የጻፈ ሰው የኮምፒዩተሩን አምራች፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነትና የማህደረ ትውስታውን መጠን በተርታ ያገኛል። ከዝርዝሩ መካከል ስለ ባዮስ የሚናገር አንድ መስመር አለ። በሊኑክስ ደግሞ «ዲኤምአይዲኮድ» የተባለው መሣሪያ ስለ ባዮስ ብቻ የሚያወሳ ራሱን የቻለ ክፍል ያቀርባል። ይህ ቃል ወደ ኮምፒዩተር ቋንቋ የገባው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ያስገባውም አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁር ጋሪ ኪልዳል ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። የኪልዳል ስም በአብዛኛው የሚነሣው አመለጠው ከሚባል አንድ ውል ጋር ተያይዞ ነው። ውሉን የሚተርኩ ጽሑፎች እጅግ ብዙ ሲሆኑ፣ ተጠቃሚው በቁልፍ ሰሌዳ ጽፎ ማሽኑን ስለ ራሱ እንዲጠይቅ ያስቻለውን ሥራውን በቅርበት የሚመረምሩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ኪልዳል ሜይ 19 ቀን 1942 በዋሽንግተን ግዛት በሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ አያቱ የመሠረቱትን የመርከብ ጉዞ አቅጣጫ ጥበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያስተዳድር ነበር። ኪልዳል ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምኞቱ የሒሳብ መምህር መሆን ነበር፤ እዚያ ግን ልቡ ወደ ኮምፒዩተር አዘነበለ። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ዘመን ስለ ነበር የውትድርና ግዴታውን የፈጸመው በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬ ከተማ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በማስተማር ነው። የዶክትሬት ዲግሪውን በ1972 አገኘ። በ1973 ያቀረበው ስለ ፕሮግራም ማሻሻያ ዘዴ የሚያትት ጥናታዊ ጽሑፍ ዛሬም የኮምፓይለር ትምህርት መሠረት ከሚባሉት አንዱ ነው። በንግድ ዓለም ምንም ባይሠራ ኖሮ እንኳ ይህ ጽሑፍ ብቻውን ስሙን ባስጠራው ነበር።

በሞንተሬ ሳለ ኢንቴል ኩባንያ 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ኪልዳል ይህን ትንሽ መሣሪያ አግኝቶ ሙከራ መሥራት ጀመረ፤ ከማስተማር ነፃ በሚሆንባቸው ቀናትም በኢንቴል በአማካሪነት ያገለግል ነበር። በ1973 ለኢንቴል ፕሮሰሰሮች ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጀ። ችግሩ በዚህ ቋንቋ የሚጻፉ ፕሮግራሞች የሚተረጎሙት በትልቅ ኮምፒዩተር ላይ መሆኑ ነበር። ኪልዳል የፈለገው ሥራው ሁሉ በዚያው በትንሹ ማሽን ላይ እንዲከናወን ነበር፤ ለዚህም ፈጣን ማከማቻ ያስፈልገው ነበር። ከሹጋርት ኩባንያ ባለ 8 ኢንች የፍሎፒ ዲስክ መሣሪያ ቢያገኝም ዲስኩን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘውን የኤሌክትሮኒክስ ዑደት መሥራት ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ይህን ክፍል የሠራለት ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የሚያውቀው ጓደኛው ጆን ቶሮዴ ነው። ሁለቱ በ1974 ዲስኩን ሲያንቀሳቅሱ ዲስኩን የሚቆጣጠረው የኪልዳል ሶፍትዌር ሲፒ/ኤም ተባለ። ኢንቴል ፒኤል/ኤምን በደስታ ሲቀበል ለሲፒ/ኤም ግን ፍላጎት አላሳየም። ስለዚህ ኪልዳል ከባለቤቱ ከዶሮቲ ማኬወን ጋር በፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ኩባንያ አቋቁሞ ሥርዓቱን ራሱ መሸጥ ጀመረ። ኩባንያው ኋላ ዲጂታል ሪሰርች በሚል ስም ታወቀ።

በዚያን ጊዜ አነስተኛ ኮምፒዩተር የሚሠሩ ኩባንያዎች በየአቅጣጫው ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። ፕሮሰሰራቸው አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ የዲስክ መቆጣጠሪያቸው፣ የቁልፍ ሰሌዳቸውና የማተሚያቸው አያያዝ ፈጽሞ የተለያየ ነበር። ለእያንዳንዱ ማሽን የስርዓተ ክወናውን ሆድ ዕቃ ከፍቶ ማስተካከል ግድ ይል ነበር፤ ኪልዳልም ይህን ለተለያዩ የዲስክ መቆጣጠሪያዎች ደጋግሞ ሠርቶት ተሰላችቷል። በ1976 የኢምሳይ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ግሌን ኢዊንግ ሲፒ/ኤም ለኩባንያው ማሽን እንዲስማማ ሲጠይቀው ኪልዳል ሌላ መንገድ መረጠ። ሃርድዌሩን በቀጥታ የሚነካውን የፕሮግራም ክፍል ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ለየው። ይህ ክፍል መሠረታዊ የግብዓትና ውጤት ሥርዓት የሚል ትርጉም ያለውን ስም ይዞ በምሕጻር ባዮስ ተባለ። ቀሪው፣ ፋይሎችን የሚያስተዳድረውና የተጠቃሚውን ትዕዛዝ የሚተረጉመው ክፍል፣ በየትኛውም ማሽን ላይ ሳይለወጥ ይሠራ ጀመር።

ባዮስ ለቀሪው ሥርዓት የሚያቀርባቸው አገልግሎቶች ጥቂትና ግልጽ ነበሩ። ከኮንሶል አንድ ፊደል ማንበብ፣ ወደ ኮንሶል አንድ ፊደል መላክ፣ ዲስክ መምረጥ፣ ትራክና ሴክተር መወሰን፣ ማንበብ፣ መጻፍ። በሲፒ/ኤም 2.2 እትም ላይ የእነዚህ አገልግሎቶች ቁጥር 17 ብቻ ነበር። አዲስ ማሽን የሠራ ኩባንያ 17ቱን ለራሱ ሃርድዌር ከጻፈ በኋላ ለሲፒ/ኤም የተጻፈው ሶፍትዌር ሁሉ የእሱም ይሆናል። የሶፍትዌር ንግድ ከሃርድዌር ንግድ ተለይቶ በራሱ እግር እንዲቆም ይህ ውሳኔ ያደረገው አስተዋፅኦ ቀላል አይደለም።

ከመለያየቱ ግን አንድ ጥያቄ ተወለደ። ስርዓተ ክወናው የተቀመጠበትን ማሽን በስም የማያውቅ ከሆነ ተጠቃሚው ስለ ማሽኑ ማወቅ ሲፈልግ ማንን ይጠይቃል? መልሱ «ስታት» የተባለው ትዕዛዝ ነበር። ትዕዛዙ ከሲፒ/ኤም ጋር በዲስክ ላይ የሚመጣ፣ ኪልዳል ለኢንቴል ባዘጋጀው በፒኤል/ኤም ቋንቋ የተጻፈ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው የትዕዛዙን ስም ብቻ ጽፎ የማስገቢያውን ቁልፍ ሲጫን በሥራ ላይ ያሉት ዲስኮች ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደ ቀራቸውና በእነሱ ላይ መጻፍ መቻል አለመቻሉን ያነብባል። የፋይል ስም ጨምሮ ከጻፈ ፋይሉ የያዘውን ቦታ ያያል። ዛሬ ከንቱ ነገር ሊመስል ይችላል። በጊዜው ግን አንድ ባለ 8 ኢንች መደበኛ ዲስክ የሚይዘው 243 ኪሎባይት ብቻ ስለ ነበር፣ ረጅም ጽሑፍ ከመጀመር በፊት የቀረውን ቦታ ማወቅ የአንድ ቀን ድካምን ከመጥፋት ያድን ነበር።

የትዕዛዙ ሌላ ገጽታ ከማሽኑ ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች የሚመለከት ነው። ሲፒ/ኤም አራት የሥራ ድርሻዎችን ብቻ ያውቃል፦ ኮንሶል፣ የወረቀት ጥብጣብ አንባቢ፣ የጥብጣብ መብሻ እና ማተሚያ። እያንዳንዱን ድርሻ ከአራት አማራጭ መሣሪያዎች አንዱ ሊሸፍነው ይችላል። ለምሳሌ ኮንሶሉ ቴሌታይፕ ወይም ባለ ስክሪን ተርሚናል ሊሆን ይችላል። ከአራት አማራጮች አንዱን ለመለየት ሁለት ቢት ይበቃል፤ አራቱ ድርሻዎች በድምሩ ስምንት ቢት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የማሽኑ የመሣሪያ ድልድል በሙሉ በአንድ ባይት ውስጥ ገባ። ይህ ባይት በማህደረ ትውስታው መነሻ አጠገብ፣ ከዜሮ ሲቆጠር በቁጥር 3 አድራሻ ላይ ይቀመጥ ነበር። ተጠቃሚው ከስታት ቀጥሎ መሣሪያዎችን የሚያመለክተውን ቃል ሲጽፍ ፕሮግራሙ ያንን ባይት አንብቦ ድልድሉን በስም ይዘረዝራል። የእኩልነት ምልክት ተጠቅሞ ማተሚያውን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ማዛወርም ይቻል ነበር። አንዱ ትዕዛዝ ሁኔታውን ይናገራል፤ ያው ትዕዛዝ ይለውጠዋል።

በ1979 የወጣው ሁለተኛው ዋና እትም ይህን አሳብ ወደ ፊት ወሰደው። ከዚያ በፊት የዲስኩ መጠንና አከፋፈል በስርዓተ ክወናው ውስጥ የተወሰነ ነበር። በአዲሱ እትም የዲስክ መግለጫው ሰንጠረዥ ወደ ባዮስ ተዛወረ፤ ስለዚህ አምራቾች የተለያየ መጠን ያላቸውን ፍሎፒዎችና ሃርድ ዲስኮች ማያያዝ ቻሉ። ስታትም የዲስኩን ጠባይ የሚገልጽ ዝርዝር ያቀርብ ጀመር፦ አጠቃላይ መጠን፣ የፋይል ማውጫው የሚይዘው የስም ብዛት፣ በአንድ ትራክ ላይ ያሉት ሴክተሮች፣ ለሥርዓቱ የተከለሉት ትራኮች። የዛሬዎቹ የሃርድዌር መመልከቻ ትዕዛዞች የሚያቀርቡትን ዘገባ የለመደ አንባቢ ቅርጹን ወዲያው ይለየዋል።

እዚህ ላይ የኪልዳል ንድፍ ጥንካሬም ድካምም በአንድነት ይታያል። ስታት ሃርድዌሩን ራሱ አይመረምርም። የሚያነበው የባዮስ ጸሐፊ ስለ ሃርድዌሩ የጻፈውን ነው። የዲስክ ሰንጠረዡ ከተሳሳተ ዘገባውም ይሳሳታል። በመሣሪያዎች ድልድል ረገድ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል፤ ያንን ባይት ማክበር ለባዮስ ጸሐፊው የተተወ ምርጫ እንጂ ግዴታ አልነበረምና ብዙዎች ችላ ብለውታል። በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ላይ ተጠቃሚው ማተሚያውን ማዛወሩን ስታት ያረጋግጥለታል፤ ወረቀቱ ግን ከቀድሞው ማተሚያ ይወጣል። ኪልዳል ይህን ጉድለት ሳያውቀው ቀረ ለማለት ያስቸግራል። ማሽኑን በዝርዝር የሚመረምር ፕሮግራም ማሽኑን በዝርዝር ማወቅ አለበት፤ ሥርዓቱን ከዚህ ዕውቀት ነፃ ማውጣት ደግሞ የሥራው ዋና ዓላማ ነበር። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ዝነኛው ታሪክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1980 አይቢኤም ለሚሠራው የግል ኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና ፈልጎ ተወካዮቹን ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ ላከ። ኪልዳል በዚያን ዕለት በራሱ አውሮፕላን ለሥራ ወደ ሌላ ደንበኛ በርሮ ነበር። ዶሮቲ አይቢኤም ያቀረበውን የምስጢር ጠባቂነት ሰነድ ለመፈረም አመነታች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በተመለከተ የተሳታፊዎቹ ትዝታ አይጣጣምም። ኪልዳል ለመዝናናት ሲበርር ሀብት አመለጠው የሚለው አነጋገር ግን ለወሬ የተመቸ ከመሆን በቀር የሚያስረዳው ነገር የለም። አይቢኤም በመጨረሻ ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማማ፤ ማይክሮሶፍትም ቲም ፓተርሰን በሲያትል የጻፈውን፣ በፕሮግራም አጠራሩ ከሲፒ/ኤም ጋር የሚመሳሰለውን ሥርዓት ገዝቶ አቀረበ። ኪልዳል በመመሳሰሉ ቅር ተሰኝቶ ሲከራከር አይቢኤም የእሱንም ሥርዓት ለመሸጥ ተስማማ። ሆኖም የማይክሮሶፍቱ 40 ዶላር ሲያወጣ የኪልዳል 240 ዶላር ተባለ። ገዢው የትኛውን እንደ መረጠ ለመገመት አያዳግትም።

በቀሪው ዘመኑ ኪልዳል ሥራ አላቆመም። በ1980ዎቹ ስለ ኮምፒዩተር በሚቀርብ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ተባባሪ አቅራቢ ሆኖ በብዙ ቤቶች ታወቀ። የመሠረተው ሌላ ኩባንያ በ1985 የግሮሊየርን ኢንሳይክሎፒዲያ በሲዲ-ሮም አሳተመ። ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። በ1993 የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ለወዳጆቹ አደለ፤ ከሱ የተወሰኑ ምዕራፎች ለሕዝብ የቀረቡት በ2016፣ በቤተሰቡ ፈቃድ፣ በካሊፎርኒያው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም አማካይነት ነው። በጁላይ 1994 በሞንተሬ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 11 ቀን፣ በ52 ዓመቱ ዐረፈ። የጉዳቱ አመጣጥ በውል ሳይገለጽ ቀረ። ሥርዐተ ቀብሩ በሲያትል ተፈጸመ። በ2014 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የሲፒ/ኤምን መወለድ የሚያስታውስ የነሐስ ሰሌዳ በፓሲፊክ ግሮቭ፣ ኩባንያው በነበረበት ቤት ደጃፍ አኖረ።

ባዮስ የሚለው ቃል በአይቢኤም ማሽን ላይ ተቀጥላ ሆኖ ተሻገረ፤ በኋላም ሶፍትዌሩ ራሱ በሌላ ሲተካ ስሙ በሰው አፍ ቀረ። ዲኤምአይዲኮድ ዛሬ የሚያነበው የማሽኑ አምራች በዚሁ ክፍል በኩል በማህደረ ትውስታ ውስጥ የሚተወውን ሰንጠረዥ ነው። ሃርድዌሩን አይመረምርም፤ የመሣሪያው መመሪያም መረጃው ሁልጊዜ የማያስተማምን መሆኑን ለተጠቃሚው ያሳስባል። ትዕዛዙን በርካሽ ቦርድ በተገጣጠመ ኮምፒዩተር ላይ የሞከረ ሰው በመለያ ቁጥሩ ቦታ ላይ አምራቹ ወደፊት እንዲሞላው የተተወ የማሳሰቢያ ሐረግ ሊያነብ ይችላል። ማሽኑ ተሽጦ ለዓመታት ሲሠራ ቦታው እንደዚያው ነው።