ብላቴን ጌታ ኅሩይና የሙሽሪት ዕድሜ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ከጸሐፊነት ተነሥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። አንባቢ ሆይ፣ የሹመታቸውን ዝርዝር ከታሪክ መጽሐፍ ታገኘዋለህ፤ እኔ የማወራው ስለ አንድ ልብ ወለዳቸው ነው።

በዚያ ዘመን ልጃገረድ ለማን እንደምትዳር የሚወስኑት ወላጆች ነበሩ። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ድግስ ይደገሳል፤ ልጅቱን ግን የሚጠይቃት የለም። ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው ጋር ተጫውተው ያልጠገቡ ሕፃናት ነበሩ። ባልዋን የጠላች እንደ ሆነ በሌሊት ተነሥታ ወደ እናትዋ ቤት ትኰበልላለች፤ ብዙ ጊዜም አባትዋ መልሶ ይወስዳታል።

ኅሩይ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳትመው የልጅነትን ጋብቻ ነቀፉ። ታላቅ ሹም ሆነው ሳሉ ስለ ሙሽሪት ዕድሜ መጻፋቸው ያስደንቀኛል። በመጽሐፉ ስም ላይም ሙሽሪቱ ከሙሽራው ጐን ተጠርታለች። በ1925 ዓ.ም. ባወጡት «አዲስ ዓለም» ደግሞ በፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ሲጋጭ እናያለን።

እውነቱን ለመናገር፣ ኅሩይ ከመተረክ ይልቅ መምከር ይቀናቸዋል። አሜሪካዊቱ ደራሲ ኬት ሾፒን እ.ኤ.አ. በ1894 በጻፈችው አጭር ታሪክ አንዲት ሚስት ባልዋ በባቡር አደጋ ሞተ ሲሏት ታለቅሳለች፤ ከዚያም ክፍልዋን ዘግታ ብቻዋን ስትሆን ነጻ መውጣትዋ ይሰማታል። ባልዋ በሕይወት ሲመለስ ግን በድንጋጤ ትሞታለች። ሾፒን የሚስቲቱን ልብ ከፍታ ታሳየናለች። ኅሩይ ደግሞ መከራው ሳይጀመር፣ ገና ከሠርጉ በፊት ለመከላከል ይሞክራሉ። እኔ ሁለቱንም ወደድኋቸው፤ ነገር ግን የኰበለለችዋን ልጅ ልብ በአማርኛ የሚነግረኝ የዚያን ዘመን ታሪክ ባገኝ እመርጥ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በባቡር ተሰደዱ። ያ ባቡር ወደ ጅቡቲ የሄደው በእኛው በድሬዳዋ በኩል ነው፤ በከዚራ ጣቢያ በኩል ባለፍሁ ቍጥር ይህን አስባለሁ። ኅሩይ አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ዐረፉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አደረገው። ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ ከታተመ ከ69 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኔም ይህን የምጽፈው በ18 ዓመቴ፣ ለፈተና በምዘጋጅበት ጊዜ ነው።