ሊፍት ውስጥ የቀረው ጓደኛችን

ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ የምታልፉ ካላችሁ የገጣሚውን የፖል ሎረንስ ዳንባርን ቤት ሳታዩ እንዳትመለሱ። እኔ አምና ሄጄ አይቼዋለሁ። ታሪኩ የኛንም የድሮ ተማሪዎችን የሚነካ ስለሆነ ባጭሩ ላካፍላችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዳንባር የተወለደው በ1872 እዚያው ዴይተን ነው። ወላጆቹ ኬንታኪ ውስጥ በባርነት የኖሩ ነበሩ። እናቱ ማቲልዳ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር በክፍሉ ጥቁር እሱ ብቻ ነበር፤ ሆኖም የትምህርት ቤቱን ጋዜጣ አዘጋጀ፣ የሥነ ጽሑፍ ማኅበሩንም መራ። ኋላ ከወንድሙ ጋር አውሮፕላን የሠራው ኦርቪል ራይት የክፍል ጓደኛው ነበር። ዳንባር በ1890 ለከተማው ጥቁሮች ጋዜጣ ሲጀምር ያተመለትም እሱ ነው።

በ1891 ተመረቀ። ታዲያ ምን ያደርጋል? ለኮሌጅ ገንዘብ የለውም፤ ቢሮ እንዳይቀጠር ደግሞ ጥቁር ነው። በሳምንት 4 ዶላር የሊፍት ሠራተኛ ሆነ። እዚያው ሊፍት ውስጥ እያነበበና እየጻፈ የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ፤ አንዱን በ1 ዶላር ለተሳፋሪዎቹ ሸጠ። የቀድሞ አስተማሪውም አልረሳችውም፤ በከተማው በተሰበሰቡ ደራስያን ፊት ግጥሙን እንዲያነብ አደረገች።

በ1896 ሃውልስ የተባለ ስመ ጥር ሃያሲ አወደሰውና ዝናው አገር አዳረሰ። ችግሩ፣ ሃያሲው አብልጦ ያደነቀው በጥቁሮች የአነጋገር ዘዬ የተጻፉትን ግጥሞች ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ያንኑ ጠየቀው፤ በመደበኛው እንግሊዝኛ የጻፋቸው ወደ ጎን ቀሩ። ይህ ነገር ሲያንገበግበው ኖረ።

ሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ ከሚስቱም ተለይቶ ወደ ዴይተን ተመለሰና በ1904 ይህን ባለ ጡብ ቤት ለእናቱ ገዛ። ብዙም አልኖረበትም፤ በ1906፣ በ33 ዓመቱ አረፈ። ማቲልዳ በ1934 እስክትሞት ድረስ የጥናት ክፍሉን እንደነበረ ጠበቀችው።

ጠረጴዛውና የጽሕፈት መኪናው ዛሬም አሉ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ግን የኛን ባች ነው። ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራ ስንት አለ? አፍሮ ከስብሰባችን የቀረስ? ዘንድሮ ከመበተናችን በፊት እስቲ እያንዳንዳችን ለአንድ ላልመጣ ጓደኛ እንደውል።