ፍሎረንስ ናይቲንጌልና የሟቾች ቁጥር

ነርሲንግ የተማረ ሁሉ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን በፋኖሷ ያውቃታል። የቁጥር ሰው እንደነበረች ግን እምብዛም አይነሳም።

የተወለደችው በ1820 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያን ውስጥ በፍሎረንስ ከተማ ነው። በኖቬምበር 1854፣ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ 38 ነርሶች ይዛ ኢስታንቡል አጠገብ ስኩታሪ ወደነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሆስፒታል ገባች። ነርሶቹ ሌት ተቀን ለፉ፤ ሞቱ ግን እስከ ፌብሩዋሪ 1855 እየባሰ ሄደ። በደንብ የወረደው በማርች የመጣው የጤና ኮሚሽን የፍሳሽ ቦዮቹን ካስጠረገ በኋላ ነው። አገሯ ተመልሳ ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ከዊሊያም ፋር ጋር መዝገቡን ወር በወር ስታመሳክር፣ አብዛኛውን ወታደር የጨረሰው ጥይት ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ ሆኖ ተገኘ። ይህንን በ1858 በግራፍ አሳየች፤ በዚያው ዓመት የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች።

ታዲያ ቁጥር እሷንም አሳስቷታል። በ1863 ስለ ሆስፒታሎች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በ24 የለንደን ሆስፒታሎች የሞት መጠን ከመቶ 90 እንደሆነ የሚያሳይ የፋርን ሠንጠረዥ አስገባች። የዓመቱ ሟቾች የተካፈሉት በአንድ ቀን ተኝተው ለተገኙት ሕሙማን ነበር! እስቲ 100 አልጋ ያለው ሆስፒታል እናስብ፤ አልጋዎቹ ሁሌ ሞልተው እያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ወር ቢተኛ በዓመት 1,200 ሰው ይታከማል። ከነዚህ 90 ቢሞቱ፣ ለአልጋው ሲካፈል ከመቶ 90፣ ለታካሚው ሲካፈል ግን ከመቶ 7.5 ነው። ሐኪሞች በሕክምና ጋዜጣ ላይ አጥብቀው ተቃወሙ፤ እኔም ብሆን ከነሱ ጎን ነኝ።

ሆስፒታሎች መረጃ የሚይዙበት ቅጽ አንድ ዓይነት እንዲሆን ግን ቀድማ የታገለችው እሷው ነች። በ1910 በ90 ዓመቷ ለንደን ውስጥ አረፈች።