ሃሩን ታዚዬፍ እና በየብስ ላይ የሚታየው የውቅያኖስ ወለል

ሰበታ፣ ቡራዩ እና ሱሉልታ የቆሙት ከረጅም ዘመን በፊት በቀዘቀዘ እሳት ላይ ነው። ከሰበታ በላይ የሚታየው ወጨጫ ራሱ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የሚለየው የእንጦጦ ሸንተረርም የተገነባው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። ከጥንቱ ሙቀት በግልጽ የሚሰማን የፍል ውሃ ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ያደገ የሥነ ምድር ተማሪ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ጭምር፣ የስምጥ ሸለቆን ታሪክ የሚጀምረው ከቀዘቀዘው ዳር ነው። ትኩሱን ዳር፣ አፋርን፣ ለዓለም ሳይንስ በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ሃሩን ታዚዬፍ ናቸው።

ታዚዬፍ እ.ኤ.አ. በ1914 በዋርሶ ተወለዱ። ሐኪም የነበሩት አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለሞቱ በእናታቸው እጅ አደጉ። በቤልጅየም በመጀመሪያ ግብርና፣ ቀጥሎም በሊዬዥ የሥነ ምድር ምህንድስና ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 በኮንጎ የኪቱሮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በቅርብ ተመለከቱ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን ለእሳተ ገሞራ ሰጡ። መጻሕፍታቸውና ፊልሞቻቸው ዝናን አተረፉላቸው።

ወደ አፋር ጉዞ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር። ጣሊያናውያኑ ጆርጆ ማሪኔሊ እና ፍራንኮ ባርቤሪ፣ እንዲሁም ፈረንሳዊው ዣክ ቫሬ በዚህ ለዓመታት በዘለቀ ጥናት አብረዋቸው ሠርተዋል። አልፍሬድ ቬግነር ገና ቀደም ብለው፣ ቀይ ባሕር ቢዘጋና ሁለቱ ዳርቻዎች ቢገጣጠሙ አፋር ትርፍ ሆኖ እንደሚቀር ከካርታ አስተውለው ነበር። የታዚዬፍ ቡድን ግን መልሱን በእግሩ ሄዶ ፈለገ። በኤርታ አሌ የሚንተከተከውን የላቫ ሐይቅ አጠና። በረሃው ውስጥ የኮራል አለት አገኘ። ከውሃ በታች ፈንድተው አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ ዛሬ ግን በደረቅ ምድር ላይ የቆሙ ተራሮችንም መዘገበ። ከዚህ በመነሳት ሰሜን አፋር ቀይ ባሕር ገብቶበት የወጣ፣ የውቅያኖስ ወለል የሚወለድበት ስፍራ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በእኔ አስተያየት ድምዳሜው በአቅጣጫው ትክክል፣ በመጠኑ ግን የቸኮለ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ የርዕደ መሬት ሞገድ ጥናቶች የሰሜን አፋር ቅርፊት ከተለመደው የውቅያኖስ ቅርፊት በእጥፍ ገደማ የሚወፍር፣ ማለትም በሽግግር ላይ ያለ መሆኑን አሳይተዋል።

ችግሩ ያለው ከጨው ሜዳው ሥር ነው። አያቶቻችን በአሞሌ መልክ የተገበያዩበት ጨው ባሕሩ ሲተን የቀረ ነው፤ በዳሎል አካባቢ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እንዲህ ያለ ሽፋን የሙቀት ፍሰትን ንባብ ያዛባል። ጨው ሙቀትን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ በፍጥነት የሚከማች ደለል ደግሞ ራሱ እስኪሞቅ ድረስ ከሥሩ የሚመጣውን ሙቀት ስለሚወስድ ላይኛው ገጽ ቀዝቃዛ ይመስላል። በስንጥቆች የሚዘዋወር ውሃም የቀረውን ሙቀት ወደ ጥቂት ፍልውሃዎች ይሰበስበዋል። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ባለው የጉዋይማስ ሸለቆ ቅልጥ አለቱ ብዙውን ጊዜ እስከ ባሕሩ ወለል አይደርስም፤ ደለሉ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ታዚዬፍ ኤርታ አሌን ማንበብ የቻሉት ባዛልቱ ራቁቱን ስለቆመ ነው። ከአጠገቡ ያለው ሜዳ ግን በእግርና በዓይን ብቻ አይነበብም።

በዓይን መታመን ሌላም ዋጋ አስከፍሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በጓዴሎፕ ደሴት የሱፍሪዬር ተራራ ሲጨስ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። ታዚዬፍ የሚወጣው እንፋሎት እንጂ ቅልጥ አለት አይደለም ብለው በአደባባይ ተከራከሩ፤ በዚህም ከኃላፊነታቸው ተነሱ። ተራራው እንዳሉት በእንፋሎት ብቻ በረደ። ሆኖም በዚያው ነሐሴ እርሳቸው ራሳቸው ከጓደኞቻቸው ጋር በተራራው አናት ላይ ሳሉ የድንጋይ ናዳ ወርዶባቸው ለጥቂት ተርፈዋል። በኋላ በፈረንሳይ መንግሥት የአደጋ መከላከል ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1998 ዓ.ም.፣ በአፋር ዳባሁ አካባቢ መሬት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በስፍራው የነበሩ ሰዎች ያዩት ስንጥቆችንና ዳ ዑሬ ላይ የወጣ ጥቂት አመድና አለት ነበር። ክፍተቱን የሞላው ቅልጥ አለት አብዛኛው ከመሬት በታች ቀረ፤ መጠኑም የታወቀው በሳተላይት ልኬት ነው።