የጠፈርን በረዶ በቤተ ሙከራ የሠሩት ፕሮፌሰር ማዮ ግሪንበርግ

ሐዋሳ፦ የሐዋሳ ነዋሪ በረዶን የሚያውቀው ከዝናብ ጋር ሲወርድ ነው። በከዋክብት መካከል ግን ከዚህ እጅግ የተለየ በረዶ ይገኛል። በዓይን በማይታዩ የአቧራ ቅንጣቶች ላይ የሚጋገረው ይህ በረዶ ከውኃ በተጨማሪ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አሞኒያና ሜታኖልን ይዟል። በረዶውን በምድር ላይ ሠርቶ በመመርመር ፈር ከቀደዱት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ማዮ ግሪንበርግ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1922 በባልቲሞር የተወለዱት ግሪንበርግ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1948 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። በሬንስሌር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሲያስተምሩ ብርሃን በጥቃቅን ቅንጣቶች ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚበተን አጥንተዋል። የጠፈር አቧራ ለመያዝ ስለማይመች ቅንጣቶቹን አጉልተው በመሥራት በብርሃን ፋንታ ማይክሮዌቭ ይለቁባቸው ነበር።

በወቅቱ የጠፈር አቧራ በአብዛኛው በረዶ እንደሆነ ይታመን ነበር። ሆኖም በ1960ዎቹ በፊኛ በተጫነ ቴሌስኮፕ የተደረገ ፍለጋ የሚጠበቀውን የውኃ በረዶ ምልክት ሳያገኝ በመቅረቱ ሐሳቡ ጥያቄ ላይ ወደቀ። ምልክቱ የተገኘው በ1973 ሲሆን፣ እሱም ጥቅጥቅ ባለው የኦሪዮን ደመና ውስጥ ነበር። የከዋክብት አልትራቫዮሌት ጨረር በረዶውን ወደ ሌላ ውሁድ ሳይለውጠው አይቀርም የሚለውን ሐሳብ ግሪንበርግ በስሌት ብቻ ሊተዉት አልፈለጉም።

በ1975 ወደ ኔዘርላንድስ ተሻግረው በላይደን ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ጥናት የሚውል ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። አየር በተሟጠጠበት ዕቃ ውስጥ ከዜሮ በታች ወደ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ገጽ ላይ ጋዞች እንዲረጉ ይደረጋል፤ ከዚያም አልትራቫዮሌት ጨረር ይለቀቅባቸዋል። ለውጡን የሚናገረው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። እያንዳንዱ ውሁድ ከዚህ ለዓይን ከማይታይ ብርሃን የራሱን የሞገድ ርዝመት መርጦ ስለሚውጥ፣ የጎደለው ብርሃን እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። በቤተ ሙከራ የተመዘገበው አሻራ በቴሌስኮፕ ከተገኘው ጋር ሲነጻጸር በሰማይ ያለው በረዶ ምንነት ይታወቃል። በ1989 በጠፈር የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ መኖሩ የተለየው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ከግኝቱ ባለቤቶች አንዱ የግሪንበርግ የቀድሞ ተማሪ ነበሩ።

በረዶው ሲሞቅና ሲተን ከገጹ ላይ ቢጫ ዝቃጭ ይቀራል። ግሪንበርግ ለዚህ ዝቃጭ ልዩ ትኩረት ሰጥተው ነበር። ጅራታም ከዋክብት የተሠሩት ከእንዲህ ዓይነቱ አቧራና በረዶ እንደሆነ፣ ለሕይወት መነሻ የሚሆኑ ውሁዶችንም ወደ ምድር ሳያመጡ እንዳልቀሩ ያምኑ ነበር። ይህ ሐሳብ እስካሁን አከራካሪ ነው።

ኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. በላይደን አረፉ። ከአራት ወራት በኋላ በመጋቢት 2002 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት በእንዲህ ዓይነት ዝቃጭ ውስጥ 16 ዓይነት አሚኖ አሲዶች መገኘታቸውን ይፋ አደረገ። ከጥናቱ ደራሲዎች ስም መጨረሻ ላይ የሰፈረው የግሪንበርግ ነው። በ2023 ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ የመዘገባቸው የበረዶ አሻራዎችም ማንነታቸው የተለየው በቤተ ሙከራ ከተሠሩ በረዶዎች ጋር ተነጻጽረው ነው።