የቼዝ ሊቁ መሐንዲስ ሚካይል ቦትቪኒክ

በዚህ እትም ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ሩሲያዊው የቼዝ ሻምፒዮን ሚካይል ቦትቪኒክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦትቪኒክ በ1911 ተወለደ። ቼዝ የተማረው በ12 ዓመቱ ነው። በ14 ዓመቱ፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ሲጫወት፣ ይህ ልጅ አሸነፈው። ነገር ግን ጨዋታው ከትምህርቱ አላስተጓጎለውም፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነ።

በቀድሞው የአገራችን ሰንጠረዥ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። በዓለም አቀፉ ቼዝ ግን ተራ የሚጠበቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። ነጩ ለመጀመር 20 ምርጫ አለው፣ ጥቁሩም ለመመለስ 20። ስለዚህ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ሲጫወቱ 400 ዓይነት አቀማመጥ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሁሉ በውድድር ሰዓት አስቦ መጨረስ አይቻልም። ቦትቪኒክም መክፈቻዎችን ቤቱ ሆኖ አስቀድሞ ያጠና ነበር።

በ1941 ጦርነት ከሌኒንግራድ አፈናቀለውና ከባለቤቱ ጋር ወደ ፔርም ከተማ ሄደ። እዚያም በኤሌክትሪክ ሥራ ተቀጥሮ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው የዚያን ዓመት የሻምፒዮና ጨዋታዎች አንድ በአንድ መርምሮ ማብራሪያ ጻፈ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1948 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1957 በስሚስሎቭ ተሸነፈ። በ1958 ግን ካሮ-ካን የተባለውን መክፈቻ አጥንቶ በመምጣት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አከታትሎ አሸነፈ፤ ማዕረጉንም አስመለሰ።

በኋላ ዕድሜው ፊቱን ወደ ኮምፒዩተር አዞረ። ምኞቱ ኮምፒዩተሩ እንደ ሰው ጥቂት ጠቃሚ እንቅስቃሴዎችን ብቻ መርጦ እንዲያስብ ነበር። ለዚህ የደከመበት ፓዮኒር የተባለ ፕሮግራም ግን ለፍሬ አልበቃም። እርሱ በ1995 ሞተ። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ እየመረመረ የቦትቪኒክን ተማሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ።

ዛሬ የመክፈቻ መጽሐፍ የሚዘጋጀው በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ከብዙ እንቅስቃሴ በኋላ የሚገኘውን አቀማመጥ መዝኖ ነጥብ ይሰጣል። ያ ነጥብ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ፣ እስከ መጀመሪያው እንቅስቃሴ ድረስ ይመለሳል። ደካማው መንገድ ይጣላል፣ ጠንካራው ይመዘገባል።

ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ጁባ ኮምፒዩተር ባናገኝም ደብተርና እርሳስ አለን። ቦትቪኒክም ሻምፒዮን የሆነው ያለ ኮምፒዩተር ነው። ስትጫወቱ የመጀመሪያዎቹን አሥር እንቅስቃሴዎች ጻፉ። በማግስቱ ጨዋታው የተበላሸበትን ቦታ ፈልጋችሁ የተሻለውን ከጎኑ አስፍሩ። የክፍሉ ደብተሮች ሲሰበሰቡ የራሳችን የመክፈቻ መጽሐፍ ይሆናሉ። ወላጆችም ሰንጠረዥ የምትችሉ ከሆነ ከልጆቻችሁ ጋር ተጫወቱ።