ዳግማዊ ምኒልክና የኃይል ምንጭ ጥያቄ

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተገለጸ ወዲህ በባለሙያዎች ዘንድ የተነሣው ክርክር አልበረደም። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ለአራት ኪሎው ቤተ መንግሥት እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ዳግማዊ ምኒልክ ነበሩ።

ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ የተወለዱት ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ አዲስ አበባ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተጨፈጨፈ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱም መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ሕንጻ እስከ ማሠራት ደረሱ። ከተማይቱን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች ዋነኛው፣ ዘሩ ከአውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ከዘመናቸው ሥራዎች ሁሉ ለመሐንዲስ ትልቁን ትምህርት የያዘው ምናልባት ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ መዲና በማገዶ እጦት ሊፈርስ እንደሚችል በዓይናቸው ያዩ መሪ ነበሩና።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አውቶሞቢል አመጣላቸው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆሞ ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የበቅሎና የግመል ነበር። ምኒልክ ለመሳፈር አላመነቱም። ነገር ግን አዲሱ ተሽከርካሪ መንገድና ቤንዚን ይጎድሉት ነበር። መንገዱ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ቤንዚኑ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ዛሬም የለውጡ ደጋፊዎች ዋነኛ መከራከሪያ ለነዳጅ የሚፈስሰው የውጭ ምንዛሪ ነው።

ኤሌክትሪክም ወደዚያው ግቢ የገባው በእርሳቸው ዘመን ነው። (የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር አስመጥተው ዙፋን አደረጉት እየተባለ በውጭ አገር የሚወራው ማስረጃ የሌለው ተረት ነው።) በ1904 ዓ.ም. በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ ግን እርሳቸው በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር። በዚያ ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ በባትሪ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች በገበያ ላይ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን አውቶሞቢሉና የወንዙ ኃይል ሳይገናኙ ቀሩ።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ለለውጡ ደጋፊዎች ብርታት ሆኗቸዋል። ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ የማከፋፈያውን መሥመር ድካም፣ ከመዲናይቱ ውጭ የባትሪ መሙያ ጣቢያ ማነሱን፣ የመለዋወጫንና የጥገናን ችግር ያነሣሉ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ምኒልክም አውቶሞቢሉን አገኙ እንጂ መንገዱና ማደያው የተስፋፋው ከእርሳቸው በኋላ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በቤተ መንግሥቱ አጠገብ በታእካ ነገሥት በአታ ለማርያም ይገኛል። ያስጀመሩት የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መሥመር የተመረቀው በመቶ ዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው።